አሳሞቻችን በኬላዎ በር ላይ ስላገኙት መስተንግዶ

ለክቡር አቶ ሴቨሪኖ ፓላብሪካ፣
የወደባችን የእንስሳት ኬላ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ራስዎን አይመምዎ፣ ፀሐይ አይምታዎ፣ ጥላ አይጓደልብዎ።

ኤርሊንዳ ማግባኑዋ እባላለሁ፤ ከኮኮናቱ ማሳ ጀርባ አሳማ አርብቼ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ለከተማው የደብር በዓል የሚሆኑ አሳሞቼን በሾፌሩ በኖርቤርቶ የጭነት መኪና ጭነን፣ በጀልባ ለመሻገር ኬላዎ ደርሰን ነበር። ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና ይህን ደብዳቤ በገበያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጭነቱ። እኔ አሳሞቹ ጋደም የሚሉበት ቦታ ይኑራቸው ብዬ ነበር። ጭነቱን ያስማማው ደላላ ግን፣ «እትዬ፣ ኃላፊው የሚያስከፍሉት በአሳማ ቁጥር ነውና ጎዶሎ መኪና ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል፤ የማለፊያ ወረቀትም አይፈርሙም» ብሎ የጎረቤት አሳሞች ጨመረባቸው። ፊትዎ እንዳይጠቁር ሲባል አሳሞቻችን እግር ማንሻ አጥተው ተጓዙ።

ሁለተኛ፣ በኬላው ካለው አንድ ዳስ ላይ «የእንስሳት ማረፊያ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሥሩ ለውርርድ የሚያፋልሟቸው አውራ ዶሮዎችዎ ቬንቲሌተር እየዞረላቸው፣ ንጹሕ ውሃ ቀርቦላቸው አየኋቸው። ዶሮም እንስሳ ነውና ሕጉን ስላከበሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኛ በቀትር ፀሐይ ቆመን ምሳዎን እስኪጨርሱ ጠበቅን።

ሦስተኛ፣ ስለ ትምህርትዎ። እናቷ ሞታባት በጡጦ ያሳደግኋት ባለ አንድ ጆሮዋ አሳማ አረፋ ስትደፍቅ ባየሁ ጊዜ ወደ መስኮትዎ ሮጥሁ። «ጌታዬ፣ አሳማ እንደ ሰው አያልበውም፤ ውሃና ጥላ ካላገኘ ውስጡ ይቃጠላል» አልሁዎ። እርስዎም የሚግጡትን አጥንት ሳያስቀምጡ፣ «ሴትዮ፣ ነገ ተሰክቶ እሳት ላይ ለሚዞር አሳማ ምን አስጨነቀሽ? ዛሬ ይለማመድ!» ብለው መለሱልኝ። ዘበኞችዎ ሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ አሳማዋ ብቻ አልሳቀችም።

ክቡር ሆይ፣ ለቢላዋ ነው ያሳደግኋት፤ አልዋሽም። ለስቃይ ግን አልነበረም።

ይህን ጊዜ ዓሣ ሻጯ ሉዲንግ ከመደቧ ተነስታ፣ «ኖርቤ! ምን ተገትረህ ታያለህ? መኪናውን አግባው ጥላው ውስጥ! ዶሮው እንደሆነ ክንፍ አለው፣ ይብረር!» ብላ ጮኸች። ኖርቤርቶ፣ «እንግዲህ እግዜር ይሁነን» ብሎ ወደ ኋላ እየነዳ ገባ። ዘበኞችዎ አውራ ዶሮዎቹን እንደ ሙሽራ አቅፈው ሲሸሹ፣ ዓሣ ሻጮቹ ከዓሣቸው በረዶ የቀለጠውን ውሃ በባልዲ ይዘው መጡ። በአሳሞቹ ጀርባ ላይ ቀስ እያልን ስናፈስላቸው አንዱ ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለ። ባለ አንድ ጆሮዋ ግን አልተነሣችም። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ዳበስኳት፤ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና በዚያው አረፈች። ቅድም ከሳቁት ዘበኞች አንዱ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ወዲያው ባልዲ ሞልቶ ተመለሰ። ስሙን አልነግርዎትም።

አራተኛ፣ «ያለ ፈቃድ ጥላ በመጠቀም» ስለ ቀጡን አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በሌብነት ተከስሼ አላውቅም ነበር፤ እርስዎ ጥላ ሰራቂ አደረጉኝ።

የቀሩት አሳሞች በሚቀጥለው ጀልባ በደኅና ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቹ ተማምለው መኪና ጠቅጥቀው አይጭኑም። ፊትዎ እንደ ጠቆረ ቢቀርም ሾፌሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ስለ መጡ ማለፊያውን ፈርመዋል። ዓሣ ሻጮቹ ሴቶችም መኪኖቹ ተራ በሚጠብቁበት መስመር ላይ ቀርከሃ ተክለው ሸራ ዘርግተዋል፤ በርሜል ሙሉ ውሃም አለ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ሸራውን አፍርሱ ብለው ዘበኞችዎን እንዳያደክሟቸው።

ደግነትዎን ፀሐይ በወጣች ቁጥር የማስታውስ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ትሑት ተቀጪዎ ኤርሊንዳ ማግባኑዋ

ማሳሰቢያ፦ የከተማው ምክር ቤት አቤቱታችንን ሰምቶ እርስዎን ለውይይት ሊጠራ ወስኗል። አዳራሹ እድሳት ላይ ስለሆነ ኖርቤርቶ መኪናውን በነጻ ሰጥቷል፤ ስብሰባው ማክሰኞ በቀትር፣ የጭነቱ ወለል ላይ ቆመን ነው። ብዙ ሰው ስለሚመጣ፣ ክቡርነትዎ ጠጋ ጠጋ ይበሉልን።