የጁምዓ ፎቶዎች ማደሪያ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሀረገወይን፤

በእኔ ጥፋት ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ ይኸው ሁለት ዓመት ደበቅሁት። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው፤ አለዚያ እንደ ልማዴ ሰላምታው ውስጥ ተሸሽጌ ወረቀቱ ያልቅብኛል። ዝርዝሩን እመለስበታለሁ። እስከዚያው እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው? ጋሽ ሀብተ ወልድን ሳሉ ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ይቀመጣሉ? ያለ ጊዜው የመጣው ዝናብ እህላችሁን አውድማ ላይ እንዳላበላሸባችሁ ስሰጋ ሰነበትኩ። ልጄ ሶሊያናስ ታዝዝሻለች? ትምህርቱን ያዘችው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። በአካል ያልኩት አውቄ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እኔ ስደውል ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ሁላችሁም ስለምትከቡት ነው። ይህን ደብዳቤ ለዕረፍት አገር ቤት የምትገባ ደንበኛችን ታደርስልሻለች። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው። ባለፈው «ድምፅህ ልክ አይደለም» ያልሽኝ እውነትሽን ነበር። ተቀመጥኩ ስል እነሣለሁ፣ ጸሎት ጀምሬ መሐሉ ላይ ሌላ ነገር ሳስብ ራሴን አገኘዋለሁ። የነቢያት ጾም ገብቶ እንኳ ልቤ አልሰበሰብ ብሏል።

እንደምታውቂው እዚህ ኩዌት፣ ማህቡላ ካለው ፎቅ ሥር ያለችውን ስቱዲዮ የምንሠራት እኔና ሀቢብ ነን። እሱ የደሴ ልጅ ነው፤ ቪዲዮው የሱ፣ ፎቶው የኔ። ክርስትናውንም ኒካሑንም እንቀርጻለን፤ ዋናው ገበያችን ግን ጁምዓ ነው። በዚያ ቀን ዕረፍት የሚሰጣቸው የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ከጃብሪያም ከሙባረክ አል-ከቢርም ተጠራርተው ታክሲ ተጋርተው ይመጣሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የሥራውን ልብስ አውልቀው እኛ ጋ የተሰቀለውን የሀበሻ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ይነሣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ማዳም ሳትደውል ተመልሰው ይገባሉ። ፎቶው ለእናት፣ ለልጅ፣ ለእጮኛ ይላካል።

ባለቤቴ እየሩሳሌም፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች ፎቶ የምታስረክበው እሷ ነበረች። ባለፎቶዋን አጠገቧ አስቀምጣ አንድ በአንድ እያሳየቻት «ይሄ ይውጣ?» ትላለች። «ይውጣ» ካለቻት ትልካለች፤ «ኧረ ይሄንስ ተዪው» ካለቻት እዚያው ታጠፋዋለች። እኔ እበሳጭ ነበር። ወረፋው በር ድረስ ደርሶ አንቺ ወሬ ይዘሻል እላት ነበር። እሷም ቀና ሳትል «ፊቱ የሷ፤ እኔ ምን አገባኝና ልወስን?» ትለኝ ነበር።

ወደ ክላውዱ ነገር ልምጣ። ነሐሴ ላይ ኤሲው ተበላሽቶ ሱቁ እንደ ምድጃ ጋለና ፎቶ የምናስቀምጥበት ሀርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይቶ ጸጥ አለ። የአንዲት ሕፃን የክርስትና ፎቶ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ቀረ። የእናቲቱን ፊት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ያን ጊዜ ሀቢብ «ከእንግዲህ ክላውድ ነው» አለ። ክላውድ ማለት፣ እትዬ፣ ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ሰማይ ላይ ምንም የለውም። ፎቶሽን በኢንተርኔት ልከሽ የሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ በኪራይ ታሳድሪያለሽ፤ የኛ ሱቅ ቢቃጠል እንኳ እዚያ ይገኛል። እህልሽን ሰው ጎተራ እንደማስቀመጥ ቁጠሪው። ታዲያ የማን ጎተራ ነው፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው፣ ባሰኘኝ ጊዜ አወጣዋለሁ ወይ ሳትዪ አንቺስ ታስቀምጫለሽ?

ሦስት ኩባንያ አየን። አንደኛው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያለው ነው። ርካሽ ነው፣ ሀቢብም ለምዶታል። የቀኑን ፎቶ በሙሉ አንድ ላይ ከትተሽ ሊንክ የሚሉትን የመግቢያ አድራሻ ትልኪያለሽ፤ አድራሻው የደረሰው ሁሉ ይከፍተዋል። ሁለተኛው ኮምፒውተሮቹ እዚሁ ገልፍ ውስጥ ያሉ ነው። ሻጩ ከራባት አስሮ ሱቃችን ድረስ መጥቶ ሻያችንን ጠጥቷል፤ ፍጥነቱንም አሳይቶናል። ውል አፍርሰን ዕቃችንን እናውጣ ብንል ግን ሌላ ክፍያ እንዳለው የነገረኝ ደጋግሜ ስጨቀጭቀው ነው። ሦስተኛው ውድ ነው፣ ሲጭንም ይንቀረፈፋል። ነገር ግን ለእያንዳንዷ ደንበኛ የየራሷን ክፍልና የየራሷን የይለፍ ቃል ይሰጣታል፤ አድራሻው ከጊዜ በኋላ በራሱ ይዘጋል፤ ማን እንደከፈተውም ይታያል። እኔና ሀቢብም የየራሳችን ቁልፍ ይኖረናል፤ አንዳችን ብንሞት ሌላው በር ላይ አይቀርም። ይህችን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የእየሩሳሌም ስልክ እንደተቆለፈ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እነዚህን ሳገላብጥ ወራት አለፉ። ዛሬ የመረጥኩትን ነገ እተወዋለሁ። ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቼ ወዲያ ወዲህ እልና ተመልሼ ለሻጩ እደውላለሁ፤ «የእናንተ ሠራተኛ ፎቶውን ማየት ይችላል?» እለዋለሁ፤ ነግሮኝ ሳለ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ሀቢብ መረረውና «አንተ ሰውዬ፣ ኩባንያ ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት?» አለኝ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። «አስተግፊሩላህ! ይቅር በለኝ እስራኤል፣ ምላሴ ነው» አለ። እኔ አልተቀየምኩትም፤ እንዲያውም አጥብቆ ቢሰድበኝ በወደድሁ። እሱ ጥንቃቄ መስሎታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ኩባንያው አልነበረም።

እየሩሳሌም ካረፈች በኋላ ማስረከቡ እኔ ላይ ወደቀ። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ አንድ በአንድ መጠየቁ ከበደኝ፤ የሷ ወንበር ላይ መቀመጥም አልፈለግሁም። ስለዚህ የጁምዓውን ፎቶ በሙሉ አንድ ላይ እከትና አንዱን ሊንክ የደንበኞቻችን የስልክ ግሩፕ ላይ እለቀው ጀመር። ማንም አልከፋውም። አብረው ስለሚነሡ የጓደኛቸውንም ፎቶ ይፈልጉታል፤ እኔም ተገላገልኩ።

አንድ ጁምዓ ከድጃ መጣች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ጃብሪያ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ ያኔ እጮኛዋ አገር ቤት ይጠብቃት ነበር። ሂጃቧን አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ከጓደኛዋ ከማሚቴ ጋር ስትጨፍር አነሣኋት። «ጋሼ፣ ይቺ የኔ ብቻ ናት፤ ለማንም እንዳይልኳት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ማታ ከሌሎቹ ጋር ለቀቅኋት። ረስቼ ነው። የረሳሁት ግን ሳልጠይቅ መላክ ስለለመድሁ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶው የእጮኛዋ ቤተሰቦች እጅ ገባ። ማን እንዳደረሰው ዛሬም አላውቅም፤ ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ማንም ሊከፍተው ይችል ነበር። ጋብቻው ፈረሰ። ሰውም ማሚቴን ወቀሰ። ማሚቴ ሙባረክ አል-ከቢር የምትሠራ፣ ከኛ ጋር የምታስቀድስ ልጅ ናት። ከድጃ ጋር ቀደም ብሎ በሥራ ነገር ተቀያይመው ታርቀው ነበርና «ቂሟ አልወጣላትም፣ የላከችው እሷ ናት» ተባለ። ታክሲ ሲጋሩ ትተዋት ይሄዱ ጀመር። ከግሩፑ አስወጣት ሲሉኝም አስወጣኋት።

እኔ ግን ወሬውን እንደሰማሁ ሊንኩን ከፍቼ ፎቶውን እዚያው አይቼው ነበር። አጠፋሁትና ዝም አልኩ። ማሚቴ ሱቅ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁኛል፤ እኔ ይሄን አደርጋለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። እትዬ፣ በፈጣሪ ስም ተሸፍኜ ነው የካድኳት። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፤ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ እቆማለሁ። ለምን አትቆርብም ስትዪኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ሀቢብ ርካሹን ይዞ መጣ። «አንድ አካውንት፣ አንድ ሊንክ፣ እንደ ድሮው። በቃ ልክፈለው» አለ። እንደ ድሮው ሲል የያዝኩትን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አይሆንም አልኩት። ለምን አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። ሀቢብ ሲናደድ የሚጮህ ሰው ነው፤ አልጮኸም። «እኔ እኮ ማሚቴን እዚህ በር ላይ መልሻታለሁ። የአገሬን ልጅ አዋረድሽ ብዬ ሁለተኛ እንዳትመጪ አልኳት። አንተ ሌንስ እየወለወልክ ትሰማ ነበር» አለኝ። እሰማ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እሺ፣ ውዱን እንይዛለን። ለማሚቴ ግን ምን ያደርግላታል ይሄ ኩባንያህ?» አለ።

በማግስቱ ተመዘገብን። ያለንን ሁሉ መጫን ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ቀስ እያለች የምትሞላውን መስመር እያየሁ አሁን ዕረፍት አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ አላገኘሁም። ለየሰዉ ቁልፍ የሚሰጥ ኩባንያ ተገኝቷል፤ ባለቤቷን ጠይቆ የሚልክልሽ ግን የለም። ያ የኔ ሥራ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው፤ ነገ ጁምዓ ነው። እዚህ ላይ ላቁምና ሰላምታዬን ላድርስ። ጋሽ ሀብተ ወልድን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የላክሁላቸውን ሽሮፕ ማር ነው እያሉ በአንዴ እንዳይጨርሱት። ቤዛዊት ፈተናዋ እንዲቀናት እጸልያለሁ በያት። እዮብ ኳሱን ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ማውረድ ትቶ አንቺን ያግዝ። ሶሊያናን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የእናቷን ፎቶ ብላ የጠየቀችኝን መርጬ እልክላታለሁ።

አሁን ቅዳሜ ነው። አጣጥፌው የነበረውን ወረቀት እንደገና ከፍቼዋለሁ። ሐሙስ ማታ ጥፋቴን በድምፄ ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ትናንት ጠዋት ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ ለከድጃ ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ «የኔን ስም እዚያ ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ሁለተኛ የሰው አፍ ውስጥ አልገባም። የሷን ግን ጥርት አድርገው ይጥሩት» አለችኝ። ይቅርታ ስለምናት «እሱን ሌላ ቀን» ብላ ዘጋችው። እውነቷን ነው። ስሟን አውጥቼ እንደገና ቀዳሁት።

ሱቁን ለሀቢብ ትቼ ሙባረክ አል-ከቢር ሄድኩ። ማሚቴ ጁምዓ ጁምዓ መውጣት ትታለች፤ የቤቱ ሾፌር አስቤዛ ሊያስገዛት ጀምዒያ ወደሚሉት የሰፈሩ ትልቅ ሱቅ ያመጣታል አሉኝ። እዚያ በር ላይ፣ ጋሪዎቹ ከሚደረደሩበት ጠበቅኋት። ስታየኝ ልታልፈኝ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። አስቤዛውን መሬት አስቀምጣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ያኔ 'እግዚአብሔር ያውቃል' ሲሉኝ፣ እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው አመነኝ ብዬ» አለች። ቀጥላ «እዚህ መሐል ላይ 'ሳላውቅ' ያሉትን ያውጡት፤ ያውቁ ነበር» አለችኝ።

እዚያው ጋሪዎቹ መሐል ቆሜ ያችን ቃል አውጥቼ ደግሜ ቀዳሁት። ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሰው እያለፈ ያየኛል። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሯን ወደ ጁምዓ ግሩፑ መለስኩት። ከዚያ አሰማኋትና «ይውጣ?» አልኳት። አስቤዛዋን አነሣች። «ይውጣ» አለች። የድምፅ ቅጂውን፣ ያን ጊዜ ሊንኩን ለለቀቅሁላቸው ለነዚያው ሁሉ ላክሁት።

ወንድምሽ እስራኤል

ማህቡላ፣ ኩዌት
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.