የቀይዋ ስኩዊረል መልክ

ሙሌ፣ የኔ ጌታ፦

ከተለየኸኝ ወዲህ በረዶው ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ቀለጠ። ብሌንደን ያለው ቤታችን ደህና ነው። እያንቋረረ ያስቸግርህ የነበረውን የጋራዥ በር አሠራሁት። ልጃችን ሐና ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። የሠራህበት የኢስተኑ ሆቴልም ዳግም ተከፍቷል። በዚያ ሳልፍ ዓይኔ አንተ ትቆምበት የነበረው በር ላይ ይሄዳል።

ዛሬ ግን የምጽፍልህ ስለ መጋላ ነው።

በወረርሽኙ ሰው ሁሉ ቤቱ የተዘጋበትን ያንን ጸደይ ታስታውሳለህ፤ ሆቴሉ ሌይ ኦፍ ብሎ ከሥራ ሲያሰናብትህ ያገለገለ ካሜራ ገዝተህ ከጓሮው ጥድ ሥር ተቀመጥክ። ዛፍ ለዛፍ እየዘለሉ ግቢውን የሞሉትን፣ ጭራቸው ጎፈር ያለ ግራጫ ስኩዊረሎች ትተህ፣ ትንሿን፣ ቁጡዋን፣ ቀይዋን መረጥክ። ይገርመኝ ነበር፤ አንተ እኮ ከልጅነትህ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ አይለይህም። መኪና ስትነዳ እንኳ የምትቆመው ከላይ ያለው መብራት ሲበራ ነው እንጂ ቀይነቱ ታይቶህ አልነበረም።

«ሰኒ፣ ነይ እስቲ! አሁንስ መልኳ መጣ?» ትለኛለህ ያነሳኸውን እያሳየኸኝ።

«አልመጣም፤ ጭቃ መስላለች» እልሃለሁ።

ጥላ ውስጥ ስታነሳት ትጠቁራለች፣ ማታ ፀሐይ ላይ ስታነሳት ብርቱካን ትሆናለች። ቀይ ናት ብልህ ቃሉ ላንተ ባዶ ሆነብህ። ደብረ ብርሃን አባቴ ፈረስ ያረባ ስለነበር በፈረስ መልክ ነገርኩህ፦ ጀርባዋ መጋላ፣ ጎኗ ወደ ዳማ የሚሄድ፣ ሆዷ ነጭ። መልኩ ባይታይህም ስሙን ወደድከው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጋላ አልካት።

ቅጠሉ ረግፎ ሳያበቃ አንድ ጠዋት ልብህ ቆመ። በወረርሽኙ ምክንያት የቀበርንህ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ካሜራህን ቦርሳው ውስጥ ዘግቼ አስቀመጥኩት፤ የመጀመሪያው በረዶ እንዲሁ አለፈ።

ሁለተኛው በረዶ በወረደ ሰሞን ሳህን እያጠብኩ ቀና ስል መጋላ አጥሩ ላይ ቆማለች። እጄ ሳሙና እንደያዘ ቀረ። ሙሌ፣ ልብስ ቀይራለች! ጆሮዎቿ ላይ ጎፈሬ አብቅላ፣ ከራሷ እስከ ጭራዋ ጫፍ ፍም የመሰለ ቀይ መስመር ወርዶባት፣ በዚያ ሁሉ ነጭ ላይ እሷ ብቻ ትነድዳለች። አንተ ያላየሃት የብርድ ጊዜ ፀጉሯን የለበሰችውን ይቺን ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ካሜራህን አወጣሁ።

መጀመሪያ ያነሳሁትን ብታይ ትስቅብኝ ነበር። በረዶው ሰማያዊ፣ መጋላ አመድ ሆነው ወጡ። ሐና ዋይት ባላንስ የሚባለውን አሳየችኝ፤ ለካ ካሜራው ነጩ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው ሌላውን ቀለም ሁሉ ይስታል። እኔም ነጭ ወረቀት አጥሩ ላይ እየለጠፍኩ አስተማርኩት። በረዶ ሲያይ ብርሃኑን ስለሚቀንስም ከፍ አደረግሁለት። በዕረፍት ቀኔ ሁሉ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። በመጨረሻ ሰማዩ ደመና ሆኖ፣ ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል በወረደበት አንድ ቀትር አገኘኋት።

ፎቶውን ፕሪንት አስደርጌ መጣሁና የመስኮቱ መስታወት ላይ ይዤ ጠበቅኩ። መጋላ መጥታ አጥሩ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለችውና አጥሩ ላይ ያለችው ጎን ለጎን ሆኑ። ሐና ትከሻዬን ይዛ «ማሚ፣ ዛትስ ሀር! ኤግዛክትሊ ሀር!» አለች። ትክክል ነበር፤ ቁርጥ እሷው ናት። አፌን ይዤ አለቀስኩ።

መጋላ በጥዱ በኩል ከሄደች በኋላ ቅርፊቱ ላይ አንድ ፀጉሯ ተጣብቆ አገኘሁ። መዳፌ ላይ አድርጌ በማጉያ መነጽር አየሁት። ሥሩ ግራጫ፣ መሐሉ ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። በአንዲት ፀጉር ውስጥ! ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀለም ስንፈልግ፣ ፈጣሪ ግን እያንዳንዷን ፀጉር ለብቻዋ ቀብቷታል። ለካ ያ ቀይ የሚነድደው ጥቁርና ግራጫ ስለያዙት ነው። ብርዱን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ያንተን ፎቶዎች እንደገና ከፈትኩ። ቀለማቸው ዛሬም ልክ አይደለም። ግን ሙሌ፣ የጭራዋ ጫፍ ፀጉር አንድ በአንድ ብርሃን ይዟል፤ ዓይኗ ውስጥ ጥዱ ራሱ ይታያል። የኔ ፎቶ ውስጥ ይህ የለም። እኔ ቀለም ስፈልግ አንተ ብርሃኑን ታይ ነበር።

ያንተንም የኔንም ሳሎን ሰቀልኳቸው። አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ዓይኔ እስካለ ድረስ አንድ ነገር አይቼ «ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው» ከማለቴ በፊት፣ ብርሃኑ የት ላይ እንዳረፈ እንዳንተ ዝም ብዬ አያለሁ።

ሰኒህ