ቋሚ ሆኛለሁ እማ፣ ዋስ ግን በስንት መከራ

ይድረስ ለእናቴ ለፋጡማ፣ አፈር ለብሰሽም ቢሆን እኔን መቆጣት እንዳላቆምሽ ለማውቀው፤

እማ፣ እንደምን ነሽ? ትተሽን ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። መቃብርሽ ላይ የበቀለውን ሣር ባለፈው ጁምዓ ላጭድልሽ መጥቼ ነበር፤ ፍየልሽ ቀድማኝ ግማሹን ጨርሳዋለች። የምትቆጪ ከሆነ እሷን ተቆጪ። ሁለት ከወለደች ወዲህ ጎረቤቱን ሁሉ ቁልቁል ነው የምታየው።

ቤቱ ደህና ነው። አሶሳ ግን አንቺ የምታውቂያት አሶሳ አይደለችም። ክልል ከሆንን ወዲህ ነጋ ጠባ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ከየአገሩ የተመደበው ሠራተኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቤት ፍለጋ ይዞራል። ዶሮዎችሽን ታሳድሪበት የነበረውን ክፍል ጠራርጌ ለአንድ መምህር አከራየሁት። ለዶሮዎቹ ግን የነገራቸው የለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተከታትለው ይመጡና በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። እሱም ያያቸዋል። ማን እንደሚለቅ እስካሁን አልታወቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እማ፣ ቋሚ ሆንኩ።

አታምኚኝም፣ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ቋሚ ሆንኩ ብዬ ሁለት ጊዜ በከንቱ እልል አሰኝቼሻለሁ፤ በሁለተኛው ቀን በጫማሽ አባረርሽኝ። ይሄኛው ግን የምር ነው፣ ወላሂ።

ሚኒስትሪ ጥሎኝ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ግምጃ ቤት ዕቃ ለመሸከም ስቀጠር፣ ለጊዜው ነው ነበር ያሉኝ። ጊዜው ጢም አበቀለብኝ። መዋቅሩ ሲጸድቅ ቋሚ ትሆናለህ ይሉኝ ነበር፤ እኔም መዋቅሩ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ኮንትራቴ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ሊያልቅ ሲል እኔ እተኛለሁ፣ እንቅልፍ የምታጪው አንቺ ነበርሽ። የአንተ ሥራ እንደ ሣር ክዳን ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል ትዪኝ ነበር። የባምባሲዋን ልጅ ልትጠይቂልኝ የሄድሽ ጊዜ አባቷ ያሉሽንም ሰምቻለሁ፣ ብትደብቂኝም። "ኮንትራቱ ሲያልቅ ልጄን ትመልሷታላችሁ?" ነው ያሉሽ። እኔ ራሴ ያላሰብኩት ቀልድ ስለሆነ አልተቀየምኳቸውም።

ዘንድሮ መዋቅሩ ጸደቀና የግምጃ ቤት ረዳት የሚል መደብ ወጣ። ተወዳድሬ አለፍኩ። ለጤና ምርመራ ስሄድ ጤና ረዳቱ ከአፍህ በቀር ሁሉም ደህና ነው ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጉድ የፈላው። ንብረት የሚረከብ ሰው ዋስ ማቅረብ አለበት ተባልኩ፤ ዋሱ የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ዕቃ ከጎደለም ከሱ ደሞዝ ይቆረጣል። እስከ ዓርብ ካላመጣሁ መደቡ ለተጠባባቂው፣ ለአንድ የሆሞሻ ልጅ ይሰጣል። ዕለቱ ሰኞ ነበር። እያፏጨሁ ወጣሁ። አሶሳ ውስጥ የማያውቀኝ የለም ብዬ ነው። ለካ ችግሩም እሱ ኖሯል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሾፌሩ አልማሂ ጋ ነው። ታስታውሺው እንደሆን፣ ባምባሲ ሲሄድ ከኋላ ወንበር ሥር አውራ ዶሮ የደበቅኩበት ሰውዬ ነው። ዶሮው በጮኸ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ሞተሩን እየከፈተ፣ ባምባሲ የደረሰው ሰው ሁሉ ምሳውን ከበላ በኋላ ነው። አልማሂ ጥያቄዬን ሰማኝና ትከሻዬን ይዞ፣ በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው፣ "ሰይድ፣ አንተ እወዳለሁ። ግን ሚስቴ ሊወልድ ነው። የኔ ደሞዝ ከቆረጡ ማን ያበላዋል?" አለኝ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ለእኔ ዋስ አልሆንም።

ከዚያ መዝገብ ቤት እትዬ አስካለ ጋ ገባሁ። ገና ሳልናገር ሳቀች። ዋስ ስላት የበለጠ ሳቀች። የምሬን እንደሆነ ሳስረዳት እንባዋን ጠርጋ ጓደኛዋን ከጎረቤት ቢሮ ጠራችና ለእሷም ንገራት አለችኝ። ነገርኳት። ሁለቱም ከሳቅ ብዛት እንዳይወድቁ ወንበር ያዙ። እማ፣ የእውነቴን ስናገር ሰው እንደዚያ ሲስቅልኝ አይቼ አላውቅም፤ ባይከፋኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚያው አለፈ። አንዱ ስሜን ሲሰማ በጓሮ በር ወጣ። ያኔ ነው ያንቺ ለውዝ ትዝ ያለኝ። እኔ አንዱን ሳስቀይም አንቺ የቆላሽውን ለውዝ በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ የተቀየመው ሰው ቤት ትሄጂ ነበር። አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት፣ ልጅ ነው፣ ይለቀዋል ትዪ ነበር። ሳልነካው ነካኝ እያለ ለውዝሽን የበላ እንዳለም ልንገርሽ፤ ስሙን ግን አልጽፍም፣ አሁን አለቃዬ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሒሳብ ሹሙ አቶ ተሾመ። ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ ሰሞን ቢሮውን ሲረከቡ፣ ግድግዳው ላይ የሚሮጡት እንሽላሊቶችም የወባ ትንኝ ስለሚበሉ የመንግሥት ንብረት ናቸው፣ መረከብ አለብዎት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሰውየው ለብርድ አገር እንጂ ለእንሽላሊት አገር አልተፈጠሩም፤ አምነው ቆጥረው ተረከቡ። በሳምንቱ አንደኛዋ ጠፋች ብለው ላብ በላብ ሆነው ለአለቃው ሪፖርት አደረጉ። ቢሮው በሳቅ ሲናጥ አለቃው ራሳቸው ጠረጴዛ ሥር ገብተው ነበር። ከዚያ ወዲህ አቶ ተሾመ ሲያዙኝ እንኳ ፊት ለፊቴ ቆመው በሦስተኛ ሰው ነው፤ ያንን ሳጥን ያንሣ በሉት ይላሉ።

እሳቸውን መጠየቅ ስለከበደኝ በራቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ተነሥተው ወንበራቸውን መረመሩ። ከዚያ ጃኬታቸውን ለብሰው አለፉኝና ወደ አስተዳደር ቢሮ ሄዱ፤ ዋስ ማጣቴን ቢሮው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ተከተልኳቸው። የአስተዳደር ሹሙ ዋስ ልሆን ነው ሲሉት ብዕሩን አስቀመጠና፣ አቶ ተሾመ ሆይ፣ ይሄ ልጅ እኮ እርስዎን ምን እንዳደረገ አገር ያውቃል፣ እንዴት አምነው ነው አላቸው። አቶ ተሾመ የመለሱለትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦

"ይሄ ልጅ መስረቅ አይችልም። ያችን እንሽላሊት የደበቃት ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ሲንፈቀፈቅ ሰምቼዋለሁ። አንድ ሚስማር ቢያነሣ በር ላይ ሳይደርስ ሳቁ ያስይዘዋል። ከዚህ የተሻለ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከየት ታመጣለህ?"

ፈረሙ። ልስቅ ልከፋ ግራ ገባኝ፤ የእጃቸውን ጀርባ ልስም ጎንበስ ስል እጃቸውን በፍጥነት ሰበሰቡ፣ የሆነ ነገር ልቀባቸው መስሏቸው ነው።

እና ቋሚ ሆንኩ። ሦስት ወር የሞላ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? በለመደ እግሬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ አስተዳደር በር ላይ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ምን ፈለግህ ስትለኝ ኮንትራቴን ላሳድስ አልኳት። ሂድ ወደ ሥራህ፣ ከእንግዲህ ሞት ካልሆነ የሚያስወጣህ የለም አለችኝ። ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ። ይሄን ለማን ሄጄ እንደምነግር ሳስብ አንቺ የለሽም። ለፍየልሽ ነገርኳት። ምንም አልመሰላትም።

ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በአንቺ ዕድሜ ያለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘይነባ እሷም ከኮንትራት ወደ ቋሚ ልትዛወር ሆነና፣ ዋስ ፍለጋ ማን ጋ ብትመጣ ጥሩ ነው? እኔ ጋ። ቋሚ ነህ አይደል አለችኝ። ደነገጥኩ። ቁልፍ ሲሰጡሽ የት ታስቀምጫለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ ወይ፣ የሚቸግርሽ ዘመድ አለሽ ወይ እያልኩ ስጠይቃት መጥረጊያዋን መሬት ላይ አቁማ አየችኝ። "አንተ የፋጡማ ልጅ፣ ፈርም። እኔ አንተ አይደለሁም" አለችኝ።

ፈረምኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም፣ እማ። ካረፈደች በሩን በሩን አያለሁ። ባልዲ ሲንኳኳ ምን ሰበረች እላለሁ። ከሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ከሰማሁ ሮጬ መካከል እገባለሁ፣ አፉ በሏት እያልኩ። ትናንት ይሄንኑ ስል ራሴን ሰማሁት፤ ድምፁ የኔ አልነበረም፣ ያንቺ ነበር። አንዲት ጨዋ ሴት እንዲህ ከከበደችኝ፣ አንቺ እኔን ለሚያህል ጉድ ዋስ ሆነሽ፣ ያለ ፊርማ፣ ለከተማው በሙሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንገትሽ እንዴት ቻለው?

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ብልሽ ምን አጥፍተህ ነው ብለሽ ትነሺያለሽ። ግን ልረሳሽ አልችልም። ዋስ የሆንኩለትን ሰው እያሰብኩ ደጅ ደጁን ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ፤ እንግዲህ ቋሚ ነኝና ይሄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነው።

ረፍዷል፣ ዘይነባ እስካሁን አልገባችም። ሄጄ ልያት።

ያስቸገረሽ ልጅሽ፣
ሰይድ