ከጋራዥህ ወለል እስከ እናትህ ማሳ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል

ለልጄ አባት፣

ስልክህን ስለማታነሳ ይኸው ብዕር አስነሳኸኝ። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እህትህ ቤት በደንብ እንደምትበላና እንደምትተኛ ሰምቻለሁ። ልጃችን ደህና ናት። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ አንጀቴ አርሯል። ፊደሌ ቢንጋደድ ከንዴት ነውና ጥፋቱ ያንተ ነው።

እህትህ ትናንት ደውላ «ባሏን ለማዘጋጃ ቤት አሳልፋ የሰጠች ሴት አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ጎሽ! የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይሄ ነው። አንተ የነገርካትን ነግረሃታል፤ የሆነውን ደግሞ ከእኔ ትስማ። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብብላት።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ክረምት ሳይገባ የከተማውን የዝናብ ውሃ ቦዮች እየከፈትን እናያለን። የመንገድ ዳር ቦይ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር አይገናኝም፤ በሸምበቆው ኩሬ አልፎ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ለዚህ ነው በየክዳኑ ላይ ዓሣ የምንስለው። እኔ ስቀባ አጠገቤ ቆመህ «ይሄ ዓሣ የተቀቀለ ይመስላል» ብለህ የሳቅክብኝ አንተ ነህ። ስለዚህ አላውቅም ነበር እንዳትለኝ።

እኛ ሠራተኞቹ የምንለው አለን፤ ዝናብ በሌለበት ቀን የሚፈስ ቦይ ውሸታም ነው። የጋራዥህ ሰፈር ቦይ በጠራራ ፀሐይ ይፈስ ነበር፤ ያውም ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ሸምበቆው ከሥሩ መበስበስ ጀምሯል። ኩሬው ደለሉን ያስቀረዋል፤ የተቃጠለ ዘይት ግን ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ያልፋል። አልፎ የት እንደሚደርስ አልነግርህም፤ እዚያ የእናትህ ማሳ ላይ ነው ያደግከው።

ሁላችንም የጠረጠርነው ጎረቤትህን፣ ባለ ላውንደሪውን ነበር። «ከእሱ በቀር ማን ይሆናል?» ያልከኝ አንተ ነህ፣ እራት እየበላህ፣ ዓይንህን ሳታሽ። እኔም አምኜህ ሰውየውን ደንበኞቹ ፊት አፋጠጥኩት። ምስኪን! «እመቤት፣ ከፈለጋችሁ ቱቦዬን ቆፍራችሁ እዩት» ከማለት ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም።

ማረጋገጫ ዘዴያችን ቀላል ነው። አንደኛው ሰው በየሱቁ ወለል ላይ ባለው ማፍሰሻ አረንጓዴ ቀለም ይደፋል፤ ሌላው ታች ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ረጅሙ፣ ያ ጎንበስ ሳይል በራችን የማይገባው የሥራ ባልደረባዬ፣ ላይ ቀረ፤ እኔ ታች ወረድኩ። ከመለያየታችን በፊት ምን እንዳልኩት ልንገርህ? «የባሌን ጋራዥ እለፈው። የዘይት ማጠራቀሚያ ጉድጓዱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጥጠዋል» አልኩት። አፌን ሞልቼ! ክዳኑን ከፍተህ «እይ፣ ጠብታ አይወጣም» ያልከኝ ማን ሆነና?

ቆሜ ስጠብቅ ቦዩ አረንጓዴ ተፋ። ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሳሁ።

«መጣ! ያዝነው! ላውንደሪው ነው አይደል?»

«ላውንደሪው ጋ ገና አልደረስኩም» አለኝ ረጅሙ። «ሕጉ ማንንም አያልፍም ብዬ ከእናንተ ጋራዥ ጀመርኩ። እህቴ፣ እዚያው ቁጭ በይ፣ መጣሁ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። በኋላ ጉድጓዱን ስንከፍት ከወገቡ ላይ ቱቦ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዝናቡ ቦይ ይሄዳል። ዙሪያውን በሲሚንቶ እንዴት አሳምረህ ለስነኸዋል! የቤታችን ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ሲሚንቶ አልችልበትም» ትለኛለህ።

አለቃችን «ከፈለግሽ በሩን ሌላ ሰው ያሽገው» አለኝ። እምቢ አልኩ። ያሸግኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። አንተ እኔን ፊት ለፊት ማየት አቅቶህ በዚያው ቀን እግሬ አውጪኝ አልክ። ነገም ቢሆን አሽገዋለሁ። ይህቺን ለእህትህ ረገጥ አድርገህ አንብብላት።

ከሁሉ የባሰው ገና ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ካፊያ ጣለ። ቦዩ ውስጥ የተኛውን ጠራርጎ ወንዙ ውስጥ ጨመረው፤ እናትህ ደግሞ ከዚያው ወንዝ ቀድታ ሰላጣዋን አጠጣች። ማሳዋ ላይ ስደርስ መደቡ ዳር ተቀምጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ዘይት እንዲህ ይለቃል? ነጋዴዋ አሽትታ መልሳባታለች።

«ይህን ያደረገ እጁ ይቆረጥ!» አለች ወደ ሰማይ አንጋጣ። ዞር ብላ አየችኝ። «አሜን በይ እንጂ ልጄ፣ ምን ይዘጋሻል?»

ምን ልበል? የወለድሽውን ነው የምትረግሚው ልበላት? ሳል እንደያዘው ሰው አፌን ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ኋላ አለቀስኩ። እንዲህ አድርገህ አስቀመጥከኝ። በአንተ ምክንያት እናትህን ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

አላወቀችም። ጉልበቷ ከተማ ድረስ አያደርሳትም፤ ጋራዡ የተዘጋው ሥራ ብለህ መንገድ ስለወጣህ ይመስላታል። ረጅሙንም አለቃችንንም አፋችሁን ያዙልኝ ብያለሁ። ግን እስከ መቼ? ከመንገደኛ ከምትሰማው ከአንተ ትስማው።

ጊዜም የለህም። ቱቦውን ለጊዜው በጨርቅና በጭቃ ደፍነነዋል፤ ጉድጓዱ ግን እስከ ቱቦው ድረስ ሞልቷል፣ ሰማዩም ከብዷል። ትልቁ ዝናብ ከመጣ ያ ሁሉ ዘይት በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ያኔ ሰላጣው ቀርቶ አፈሩም አይተርፍም። ማዘጋጃ ቤት የሰው ግቢ ገብቶ አይቆፍርም፤ እሽጉ የሚነሳው ባለቤቱ ቆሞ ጉድጓዱን ሲያስመጥጥና ቱቦውን ሲነቅል ነው። ረጅሙ አብሬው እቆፍራለሁ ብሏል። ባለ ላውንደሪው፣ አዎ እሱው፣ መቆፈሪያ አውሳለሁ አለ። እፈር!

ብርድ ልብስህን አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፤ ቆሽሾ ነው። ልጃችን ግን በአውቶቡስ ድምፅ ሁሉ ወደ በር ትሮጣለች፤ እኔም ተቀመጪ እያልኳት አብሬያት እነሳለሁ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከመንገዱ በፊት ደግሞ ልብ ይስጥህ።

ዛሬ ጠዋት እናትህ ጋ ሄጄ ነበር። ጥቁሩን ሰላጣ ነቅላ ከምራዋለች፤ አላዘነችም ግን፣ እንዲያውም ፊቷ ፈክቶ ነበር። «ልጄ ይምጣ ብቻ» አለችኝ። «ያንን ሰው መሬት ውስጥ ቢገባ እንኳ ፈልጎ እፊቴ ያቆምልኛል።»

ና፣ አቁምላት።

ሚስትህ