የቆርቆሮን ዋጋ የተቀበልኩ ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻለው? ባለቤትህን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? ልጆችህስ አሁንም ጫማ በገዛህላቸው ማግስት ጠበበን ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ልጄ ስትጽፍልህ በከረመችው ደብዳቤ ሁሉ አንብበኸዋል፤ ዛሬ ግን በገዛ እጄ ስለጻፍኩት እመነው።

ሱቁን እንድታከራይ ለልጄ የላክህላት ውክልና ደርሶ ነበር። የአባታችንን ሱቅ ለሰው ለመስጠት የተስማማኸው ለእኔ አዝነህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። ብቻ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

የልቤ የደም ሥር ተዘግቶ ሐኪሞች ከከፈቱልኝ በኋላ ደረቴ ዳነ። ደረጃ ስወጣ እንደ ድሮው አያፍነኝም። ሁሉም ተመስገን አለ። ወደ ሱቁ ስመለስ ግን ራሴን የሆነ ቦታ ጥዬ የመጣሁ ያህል ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ፊት መታጠብ ተራራ ሆነብኝ። ለአንዲት ደንበኛ የማይገጥም ክዳን ሸጥኩላት፤ ስትመልሰው ሌላ የማይገጥም ሰጠኋት። የልጅ ልጄን በአንተ ስም እጠራው ጀመር። ማታ ማታ ውሎዬን እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ የዚያ ሰሞን ገጾች «ተከፈተ፣ ተዘጋ» ብቻ ነው የሚሉት።

ቤተሰቡ ግን ደስ ብሎት ነበር። ከማንም ጋር አልጨቃጨቅማ። ልጄ ለጎረቤቱ፣ ሕመሙ እማዬን አለዘባት፣ አሁን ገና ሰላም አገኘች ትል ነበር። ባሏም ጓደኞቹን እንደ እኔ ያለች አማት ይስጣችሁ ብሎ መረቃቸው። ደንበኛው ያሻውን ዋጋ ጠርቶ ይወስዳል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አይደል የሚባለው? የእኔ ደጃፍ ጫካ ሆኖላቸው ነበር።

ያወቀብኝ ቆርቆሮ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ ከጎኔ እንደኔው ድስትና ባልዲ የሚሸጠው፣ ድምፁ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ስለሆነ ስሙ የወጣለት። ዕድሜያችንን ሙሉ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ እንደ አይጥና ድመት ኖረናል። አንድ ቀን ገዢ መጥቶበት ድስት ቢያንሰው ከእኔ ሊወስድ ገባ። እንደ ልማዱ ሊያናድደኝ ብሎ ለለማኝ እንኳ የማይሰጥ ዋጋ ጠራ። «ውሰደው» አልኩት። ድስቶቹን እንዳቀፈ ቆሞ አየኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መልሷቸው ወጣ።

በቀጥታ የሄደው ልጄ ዘንድ ነው። እናትሽ ታማለች አላት። ልጄ ተቆጣች፤ ልቧ ድኗል ተብሏል፣ አንተ የምትጣላው ሰው ስላጣህ ነው አለችው። እሱም፣ «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ የእኔን ዋጋ ተቀብላለች። በጤናዋ አታደርገውም» አላት።

ልጄ ነገሩን ስታላምጠው አድራ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ስለ ደረቴ ብዙም አልጠየቀችኝ። የሚያስቅሽ ምንድን ነው አለችኝ፤ ልጄን ጠይቂያት አልኳት። የግድግዳ ሰዓት ሳዪልኝ አለችኝ፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ባንድ ጎን አጨቅኳቸው። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሟ ግን አልደነገጠችም። ልባቸውን የታመሙ ብዙ ሰዎች ድባቴ እንደሚይዛቸው፣ አብሮም ሐሳብ እንደሚዘገይና ማስታወስ እንደሚደክም፣ የሚጠይቃቸው ሲጠፋ ግን እርጅና ወይም ጨዋነት ተብሎ እንደሚታለፍ አስረዳችን። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው አለች። ወንድሜ፣ ስም ያለው ዕቃ ዋጋም አለው፤ ዋጋ ባለው ነገር ደግሞ መከራከር እችልበታለሁ።

ኪኒኑን ዋጥኩ። ከአማካሪዋ ጋር መጀመሪያ በግዴ፣ ኋላ በውዴ አወራሁ። ልባቸውን ከታመሙ ሌሎች ሰዎች ጋር በቡድን እንራመዳለን፤ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር አለ፣ ሁልጊዜ ኋላ ይቀርና መንገዱ ተዘጋጋብኝ ይላል። የመጀመሪያ ሳቄን ያሳቀኝ እሱ ነው። ቀስ እያለ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ምግብም ጣመኝ። ሁሉም ግን አልተመለሰም፤ አልዋሽህም። ዛሬም የሰው ስም ይጠፋብኛል፣ ክዳንም ያምታታኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክዳን ከድስቱ እጀታ ጋር በገመድ አሰርኩት። ቆርቆሮ፣ ድስቶቿን እንደ ፍየል አሰረቻቸው ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ። ደንበኞች ወደዱት፤ አሁን እሱም ማሰር ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት፣ ልጄ እንዳርፍ ብላ ሱቁን ልታከራየው የተነጋገረችው ስልክ ሻጭ ውሉን ይዞ መጣ። ልጄ ልትፈርም እስክሪብቶ አነሣች። ቆይ እስቲ ልየው አልኩ። ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የኋላው መጋዘን በነጻ ገብቶለታል! ዋጋ መጥራት ከመጋዘኑ ጀመርኩ፤ ወደ በሩ፣ ወደ ጥጉ፣ ወደ ደጁ ጥላ ተሻገርኩ። እሱ ሲጨምር እኔ ስቆልል ረፋዱ አለቀ። ቆርቆሮ ሥራውን ፈትቶ በሬን ተደግፎ ያያል። በመጨረሻ ሰውዬው ላቡን ጠርጎ ያልኩትን ሁሉ ተቀበለ። ያኔ ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለትና፣ «ቤቱ ይህን ያህል የሚያወጣ ከሆነማ እኔው እሠራበታለሁ» አልኩት።

ልጄ እየሳቀች አለቀሰች። ቆርቆሮ ገብቶ ያን ቀን የመለሳቸውን ድስቶች አወረደና ያንኑ የለማኝ ዋጋ ጠራ። ምን እንዳልኩት እናታችን ስለምትሰማ አልጽፈውም። እሱ አያቴን እኔ አያቱን አነሣን፤ ድስቶቹን ግን ወሰደ፣ በእኔ ዋጋ። እስከ ዛሬ ላገኘው ሁሉ ዘረፈችኝ እያለ ያወራል፤ ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ ብታይ።

ስለዚህ ውክልናውን ሰርዘው። ደግሞ እናታችንም የልብ መድኃኒት ትወስዳለችና አደራህን፣ ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ይልቁንም ከተሻሻለ፣ ቶሎ ሐኪም አሳያት።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ሳሉ ካልለቀቃት በእኔ ስም ተቆጣት። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ልጄ፣ ባሏና የልጅ ልጄ ሰላም ብለውሃል። ቆርቆሮም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ለሰላምታው አላስከፈልኩትም።

እህትህ

ከሱቃችን፣ ከታሰሩት ድስቶች አጠገብ
ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን