ስም የተጻፈበት ጠርሙስ

ጥቅምት 15 ቀን 1958፣ ፍኖተ ሰላም

ጠዋት ፍርድ ቤት። ሁለት የድንበር ክርክር ጻፍኩ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ከሰዓት የመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ። ሊቀ መንበር ከሆንኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ… ለምን መረጡኝ? ጽሑፍ ስለምችል ብቻ ይመስለኛል።

ጎንደር ተምሮ የመጣው ጤና መኮንን ክንፈሚካኤል ጉዳዩን አስረዳ። በቡሬና በሽንዲ ገጠር ወጣት ገበሬዎች ውሃ ውሃ ይላቸዋል፣ ይከሳሉ፣ ይሞታሉ። የስኳር በሽታ ነው ይላል። አዲስ አበባ ያሉት ግን ያ የጠገበ ሰው በሽታ ነው ብለው አላመኑትም። ስንት ሰው እንደታመመ አጥንቶ በቁጥር ካላሳየ መድኃኒት አይልኩም። የጥናቱን በቅሎ፣ ቀለብና መመርመሪያ ማኅበሩ እንዲችልለት ጠየቀ።

መሪጌታ ገብረሰንበት አልወደዱትም። ማኅበር ሰው ይቀብራል እንጂ ሽንት ይለቅማል ወይ አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ተነሣሁና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩ። ለማኅበሩ ቤት ቆርቆሮ የተያዘው ገንዘብ ለጥናቱ እንዲውል ተወሰነ።

ተረት ሲሳካልኝ ደስ ይለኛል።

ጥቅምት 29

ውሃ ይጠማኛል። ሙቀቱ ይሆናል… በጥቅምት ብርድ ምን ሙቀት አለ?

ኅዳር 7

ከቡሬ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ተስፋው ልጄን አደይን ለልጃቸው ጠየቁ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። ከዚያ እንደ ወጉ፣ በዘር የሚሄድ በሽታ እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተባለ። አደይ ልጁን ትወደዋለች። የነገረችኝ ባለቤቴ ወለተ ሐና ናት፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ኅዳር 12

ለየቤቱ ጠርሙስ ታደለ። አባወራ ሁሉ ነገ ሞልቶ ያመጣል። ክንፈሚካኤል አሠራሩን አሳየኝ። ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሽንቱን ጠብ ያደርግና በእሳት ያፈላዋል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ጤና ነው። የጡብ መልክ ካመጣ ስኳር።

ከጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ ጉንዳን ሰልፍ ይዟል። ትናንትም ነበረ። እኔ በሸናሁበት ብቻ።

ኅዳር 13

ጠርሙሴን እንዳለው የሚባል ጋሪ ነጂ ሞላልኝ። እንደ በሬ ጤነኛ ነው። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም… ለምን አልጠየቀም? ለሠርጉ ስል ነው። ሠርጉ ሲያልፍ ለክንፈሚካኤል እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 3

ከቡሬም ከእኛም መቶ ሃያ ጠርሙስ ተፈላ። አንድም ጡብ የለም። ክንፈሚካኤል «ጋሼ አድማሴ፣ ተሳስቼ አስቸገርኋችሁ» አለኝ። ሐሙስ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ነው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 4

በእንዳለው ጋሪ ወደ ገበያ። ለሌላ ሰውም ሞልተህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«እርስዎ እኮ አሥራ አራተኛው ነዎት፣ ጋሼ» አለ ፈረሱን እየነዳ። «የሚዳር ልጅ ያለው ሁሉ እኔ ዘንድ መጣ። ቡሬም የራሱ እንዳለው አለው አሉ።»

ሳቅሁ። ቆይቶ አፈርኩ። ለካ ቆርቆሯችንን ሰጥተን ያስጠናነው የእንዳለውን ጤንነት ነው። ብናገር የአደይ ሠርግ ይፈርሳል። ዝም ብል ክንፈሚካኤል ይሄዳል፣ መድኃኒቱ አይመጣም፣ ገበሬዎቹም ይሞታሉ… እኔም። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ታኅሣሥ 6

ለወለተ ሐና ጠዋት ነገርኳት። አለቀሰች፤ አትናገር ግን አላለችኝም። ከሰዓት ማኅበሩን ሰበሰብኩ። ጠርሙስ ይዤ ከቤቱ ኋላ ሄድኩና ሞልቼ መጣሁ። አድማሴ ብዬ ጻፍኩበት። የፊተኛው የእኔ አልነበረም አልኳቸው። ክንፈሚካኤል በፊታቸው አፈላው። ጡብ።

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ገብረሰንበት ተነሡና «ባዶ ጠርሙስ ተርፏል?» አሉ።

ፈርቼ ነበር። ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 19

ከቡሬ መልእክት መጣ። አቶ ተስፋው ነገሩ ይቅር ብለዋል። ዘመኑ አልተመቸንም አሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። አደይ ምሳ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም። እውነቷን ነው።

ጥር 11

ጥምቀት። ጠጅ የለም፣ ማር የለም። ሰው ለካ ያለ ጠጅም ይኖራል።

የካቲት 20

ሁለተኛው ዙር አለቀ። ጠርሙሱ ሁሉ ስም አለው። ከመቶ ሠላሳ አንድ ዘጠኙ ጡብ ሆነ፤ ስድስቱ የቡሬና የሽንዲ ከሲታ ወጣቶች ናቸው። ወረቀቱ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ተላከ። መድኃኒቱ ይመጣ ይሆን? አላውቅም።

ዛሬ ክንፈሚካኤል ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠርሙስ ተጨምሮ አየሁ። «አደይ አድማሴ» ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። ሲፈላ ማየት አቃተኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሰማያዊ ነበር። ትንሽ ጠበቅሁ… ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

ቤት ስደርስ ጤፍ ታበጥራለች። ዛሬውኑ ወደ ቡሬ ሰው እልካለሁ፣ ይህን ይስሙ አልኳት። ቀና አላለችም።

«አባባ፣ አይላኩ። ከፈለጉኝ መጀመሪያ የልጃቸውን ጠርሙስ ያምጡ። ስሙን ጽፈው።»

ከታኅሣሥ ወዲህ ስታናግረኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።