የእንድሪስ ፎቶ መግለጫ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ የድሮ አስተማሪዬ ጋሽ ሰይድ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ስልካቸው ነው የሚያነብላቸው። እኔ የሠራሁትን የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ ሲያነብ፣ ፎቶዎቹ ላይ ሲደርስ «ምስል፣ ምስል» ብቻ ይላል። ለፎቶዎቹ ስልኩ የሚያነበው መግለጫ አልጻፍኩም ነበር። አፈርኩ።

«አብሽር፣ አይዞህ፣ አሁን ጻፈው። የእንድሪስ የትኛው ነው?» አሉኝ። እንድሪስ ተማሪ ሳለን ሐይቅ የወሰደው ልጃቸው፣ የክፍል ጓደኛዬ ነው።

ጻፍኩ፤ ስልኩም አነበበው፦ «እንድሪስ፣ እየሳቀ።»

«ይስቃል? አልሐምዱሊላህ!» ደጋግመው አስነበቡት።

እንድሪስ ግን ፎቶው ላይ አይስቅም። አንድ ነገር ያስፈራው ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እሳቸው ሲሄዱ ላርመው ገጹን ከፈትኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።